ወረቀት መለያው ሳጥኔ

የፍኖተ ሰላም ነፋስ ወረቀት ይወዳል። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ባርኔጣ አይነካም፣ ነጠላ አይገፍም፣ የባጃጅ ሸራ እንኳ አያወዛውዝም። አንዲት ቅጠል ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ዞር በሉ እስቲ! ከየት መጣ ሳይባል ከተፍ ይላል። እኔ ይህን የማውቀው ከአንድ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ ነው። የትኛው ፍርድ ቤት ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እንጀራዬ ነው። ስም ነበረኝ፣ ግን ማን ይጠራኛል? ሰው ሁሉ "ጸሐፊው" ነው የሚለኝ። ባለቤቴ የሺ ራሷ ስትቆጣ "ስማ አንተ ጸሐፊው" ትለኛለች።

አንድ ቀን ይኸው ነፋስ የሁለት ባለጉዳዮች ወረቀት ደባለቀብኝ። አንዱ ገበሬ ነው፤ የጎረቤቱ በሬ የእሱን በሬ ወግቶበት ሊከስ የመጣ። ሌላዋ ፍቺ ጠያቂ ናት። እኔ ሆዬ የተበተነውን ከመንገድ ለቃቅሜ፣ በስቴፕለር መትቼ ለየባለቤቱ ሰጠሁ። ችሎት ላይ የገበሬው ማመልከቻ ሲነበብ "ከተጠቀሰው በሬ ጋር በሰላም አብረን መኖር ስላልቻልን ትዳራችን ፈርሶ ልጆቹ ከእኔ ጋር እንዲያድጉ ይወሰንልኝ" ይላል። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ አሉ። ገበሬው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ክቡር ፍርድ ቤት፣ አብረን መኖር አለመቻላችንስ እውነት ነው" አለ። የሴትዮዋ ደግሞ ባሏ በቀንዱ እንደወጋት ይናገራል። እሷም አልካደችም።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከገጠር የሚመጣው ባለጉዳይ ወረቀቱን እንዴት እንደሚይዝ አይታችኋል? ከጋቢው ሥር ፌስታል ያወጣል። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። እሱ ውስጥ ደግሞ በክር የታሰረ ሌላ ፌስታል አለ። ሲፈታ የማዳበሪያ ደረሰኝ፣ የልጅ ክትባት ካርድ፣ የሟች አባት ጉርድ ፎቶ፣ ጊዜው ያለፈበት መጥሪያ፣ ሁሉም ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረገፋል። ከዚያ "ከነዚህ ውስጥ አንዱ ነው" ይልና እፎይ ብሎ ይቀመጣል። የእሱ ድርሻ አበቃ ማለት ነው። አሁን ይህ ሰው ምን ይባላል? መሬቱ፣ ትዳሩ፣ ዕድሜው ሁሉ እዚያች ክምር ውስጥ ነው። ነፋሱም አጠገባችን ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

ድንጋይ ጫንበት ይሉኛል። ጫንኩበት። አምስት ሰው ሲመጣ አምስት ድንጋይ፣ አሥር ሰው ሲመጣ አሥር ድንጋይ። ጠረጴዛዬ ካብ መሰለ። አንዱ አላፊ አግዳሚ ድንጋይ የምሸጥ መስሎት የግንብ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለዚህ መለያ ነገር ላበጅ ብዬ ተነሣሁ። ወረቀት በየጉዳዩ የሚለይ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ሲመሽ በትከሻ ተንጠልጥሎ ቤት የሚገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ እወርድ የለ? እዚያም ይዤው ልሄድ።

መጀመሪያ የማካሮኒ ካርቶን ወስጄ በመካከሉ ክርታስ እየቆረጥኩ ከፋፈልኩት። ያምር ነበር። የሐምሌ ዝናብ አንዴ ዘነበበትና የውርሱም የብድሩም ገንፎ ሆነ። ቀጥሎ የቢራ ሳጥን አገኘሁ፣ ያ ፕላስቲኩን። ክፍሉን ፈጣሪ ራሱ የሠራው ነው፤ ወረቀቱን እየጠቀለልኩ እንደ ጠርሙስ መሰካት ብቻ። ሁለት ችግር መጣ። አንደኛ፣ ተጠቅልሎ የዋለ ወረቀት ዳኛ ፊት አልዘረጋ ይላል፤ ሲዘረጉት ተመልሶ ይጠቀለላል፣ ንቀት ይመስላል። ሁለተኛ፣ ጠዋት ጠዋት ሰው እየመጣ "ቀዝቃዛ አለ?" ማለት ጀመረ። የሺ ይህን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች። "እሱን ብትሸጥ ይሻልህ ነበር" አለችኝ። ተናደድኩባት። ከዚያ ሳስበው እውነቷን ነው፤ የበለጠ ተናደድኩ።

እንደምታውቁት ፍርድ ቤት ክረምት ላይ ይዘጋል። ከነሐሴ ጀምሮ እኔም እቤቴ ተዘጋሁ። ሥራ የፈታ ሰው ወይ ይታመማል ወይ ይፈላሰፋል። እኔ ተፈላሰፍኩ። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ስደግም ማኅደር የሚባለውን የቆዳ ከረጢት አይቻለሁ። መጽሐፉ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ጠፍሩ ትከሻ ላይ ይውላል። ዝናብ ቢመጣ፣ በቅሎ ብትደናቀፍ፣ ዳዊቱ ምንም አይሆንም። እንግዲህ አባቶቻችን ለአንድ መጽሐፍ ይህን ካሰቡ፣ እኔ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ወረቀት ማሰብ ያቅተኛል? ከተበላሸ ማመልከቻ ጀርባ ላይ ሥዕል ሣልኩ። ሠረዝኩ፣ እንደገና ሣልኩ። የሺ አይታው "የማን ቤት ነው?" አለች። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ሥዕሌን ይዤ ቡሬ ወረድኩ። አያ ደምለው የሚባሉ አናጢ አሉ፤ ሥራቸው አልጋና ዘመናዊ ቀፎ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ቀፎ እንደ ፎቅ ተደርድሯል። ሥዕሌን ተቀብለው ገለበጡት። እኔ አቀናሁት። እንደገና ገለበጡት። ተውኳቸው። "ምን ይገባበታል?" አሉኝ። ወረቀት ነው አልኳቸው። "ወረቀት ብቻ?" አሉ። አዎ፣ ግን የተለያየ ወረቀት፣ የድንበሩ ለብቻ፣ የውርሱ ለብቻ፣ የፍቺው ለብቻ፣ መደባለቅ የለበትም ብዬ አብራራሁ። እሳቸውም ሜትራቸውን እየሳቡ "እሽ፣ ውርስ ስንት ጣት ይሁን?" አሉኝ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ለካ ጉዳይ ሁሉ ውፍረት አለው! ውርስ ወፍራም ነው፣ የአያት የቅድመ አያት ወረቀት አለበት፤ ቢያንስ አንድ ስንዝር። ድንበር መካከለኛ ነው። ፍቺ ቀጭን ነው አልኳቸው፣ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ግን ብዛት አለው። አያ ደምለው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። "ትዳር ከመሬት ቀጠነ በለኛ" አሉ። ኋላ ክፍልፋዩን ተንሸራታች ላድርግልህ፣ ሲሰፋም ሲጠብም እየሳብክ ታስተካክለዋለህ አሉኝ። ደስ ብሎኝ ግንባራቸውን ልስም ነበር።

ሳምንት ቆይቼ ሄድኩ። ወንድሞቼ፣ እንዴት ያለ ሳጥን መሰላችሁ! ከዋንዛ የተሠራ፣ ቀላል። ክዳኑ ሲከፈት ከኋላ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነፋስ ይከልላል። ፊቱ ወደ ታች ሲዘረጋ መጻፊያ ይሆናል። ክፍልፋዮቹ እንደ መሳቢያ ይንሸራተታሉ። የቆዳ ጠፍር አለው። ከፊት ለፊት ከሥሩ ደግሞ ጣት የምታስገባ ቀጭን ሽንቁር አለች። እሷ ምንድን ናት ብዬ ጠየቅሁ። "አየር ይግባበት፣ እንዳይታፈን" አሉኝ። ወረቀት ይታፈናል እንዴ ልል አልኩና ተውኩት፤ ባለሙያ አይነዘነዝም። ሽታው ግን ሌላ ነው። የሚያውድ፣ ልብ የሚያሳርፍ። የእንጨቱ ነው ብዬ አሰብኩ። የሺ አፍንጫዋን አስገብታ ካሸተተች በኋላ "ከአንተ እሱ ይሻላል" ብላ አልጋ አጠገብ አስቀመጠችው።

ጥቅምት ገባ፣ ፍርድ ቤት ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ሰው እንዴት እንደሚግተለተል አትጠይቁኝ። ክረምቱን ሙሉ ሲብሰለሰል የከረመ ጠብ ሁሉ በአንድ ጠዋት በጋሪና በባጃጅ ይራገፋል። ሳጥኔን ከፈትኩ። ሰው ከበበኝ። ገበሬው ፌስታሉን ሲዘረግፍ እኔ ደረሰኙን እዚህ፣ መጥሪያውን እዚያ፣ ጣል ጣል። ተመልሶ ሲመጣ እጄን ሰደድ፣ ወረቀቱ ብቅ። ነፋሱ ሁለቴ መጥቶ ክዳኑን መትቶ ተመለሰ። አጠገቤ የሚጽፉት የሙያ ጓደኞቼ ድንጋያቸውን እንደያዙ በጎሪጥ አዩኝ። ኮራሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እቴ አንጓች የመጡት ይህን ጊዜ ነው። ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። የከሰሱት የባላቸውን ታናሽ ወንድም፣ ታደገን ነው። ሟች በሕይወት ሳለ ሁለቱ ማሳዎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ ማንም ማንንም አይነካም። ወንድምየው ካረፈ ወዲህ ግን ታደገ በየዓመቱ ሲያርስ አንዲት ትልም ወደ እሳቸው ይገፋል። ዘንድሮ አንዲት፣ ከርሞ አንዲት። ትልም ምን አላት? ትልም ላይ ትልም ስትደረብ ግን ማሳ ትሆናለች። አሁን ዓይንና ናጫ ናቸው። በአንድ ደብር ሲያስቀድሱ እንኳ እሳቸው በአንዱ የቅጥር በር ከወጡ እሱ በሌላው ነው የሚወጣው። ሰላምታ የለም፣ ለቅሶ መድረስ የለም። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ለእቴ አንጓች የመጨረሻ ቀን ሰጥቷቸዋል፦ የመሬት ይዞታ ደብተርዎን ዋናውን ዛሬ አራት ሰዓት ያቅርቡ፣ ካላቀረቡ መዝገቡ ይዘጋል። መዝገቡ ተዘጋ ማለት ያች መሬት በዚያው የታደገ ሆና ቀረች ማለት ነው።

ደብተሩን ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ እጃቸው ግን ቶሎ አለቀቀውም። "በል ልጄ፣ ነፍሴን ነው የሰጠሁህ" አሉኝ። እኔ ሆዬ ደረቴን ነፋሁ። እቴ፣ ከዚህ ሳጥን የተሻለ ቦታ በአገሩ የለም፣ የሚያያዘውን ማመልከቻ ጽፌ እስክጨርስ አርፈው ይቀመጡ አልኳቸው። የድንበር ከሚለው ክፍል ውስጥ ሸጎጥኩት፣ አቧራ እንዳይገባ ክዳኑን ዘጋሁት፣ ጉልበቴ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ታደገ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ረጅም ነው፣ ቁጡ ነው። በዚያ አካባቢ ንብ በማነብ የሚደርስበት እንደሌለ ሰው ሁሉ ያወራለታል።

መጀመሪያ የወፍጮ ድምፅ መሰለኝ። ቀና ስል ሰማዩ አንድ ቦታ ላይ ጠቁሯል። ጥቁሩ ነገር ይሽከረከራል፣ ዝቅ ይላል፣ ወደ እኔ ይመጣል። ንብ! የንብ መንጋ! ያ ሁሉ ባለጉዳይ እግሬ አውጪኝ አለ። ከሳሽና ተከሳሽ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሮጥ ያየሁት ያን ዕለት ነው። መንጋው ግን ማንንም አልፈለገም። ሳጥኔን አንዴ ዞረው፣ ሁለቴ ዞረው፣ ከዚያ በዚያች በቀጭኗ ሽንቁር እየተጋፋ ይገባ ጀመር። ልክ ቤት እንደተሠራለት ሰው! አንዲቱ ስታልፍ ጆሮዬን ወግታኝ ሄደች። ከሩቅ ቆሜ ጆሮዬን እያሸሁ አየሁ። እቴ አንጓች አጠገቤ ናቸው። "ደብተሬስ?" አሉ።

ስልኬን አውጥቼ ቡሬ ደወልኩ። አያ ደምለው፣ ምን ሠሩኝ፣ ሳጥኑ ውስጥ ንብ እየገባ ነው ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ገባ? እሰየው! እልልልል!" አሉ። ወንድ ልጅ በስልክ እልል ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለካ ከእጃቸው የሚወጣ ሳጥን ሁሉ ውስጡ በሰምና በጠጅ ሳር ታሽቶ ነው የሚሄደው። ያ የሚያውደው ሽታ እሱ ነው። መንጋ የሚጠራበት። ለወረቀት ነው ብዬዎት አልነበር አልኳቸው። "ብለኸኛል እንጂ፤ ታዲያ ሳይታሽ ይሂድ? ባዶ እንዳይቀርብህ ብዬ ነው" አሉ። መርቀውኝ ዘጉ። ሰው ሊመርቅህ ብሎ ሲያጠፋህ ምን ትለዋለህ?

ሰዓቱ እየገፋ ነው። እቴ አንጓች እጃቸውን ሊሰዱ ተነሡ፤ ወገባቸውን ይዤ አስቀረኋቸው። ማን ያወጣዋል ተባለ። ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ዞረና ያን አግዳሚ ተመለከተ። ታደገ አልሸሸም። እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። አንዴ ሳጥኑን፣ አንዴ ፀሐይዋን ያያል። ምን ያድርግ? ዝም ብሎ ቢቀመጥ ያሸንፋል። አራት ሰዓት ሲሞላ ደብተር የለም፤ ደብተር ከሌለ ክስ የለም። እሱ ምንም አላጠፋ፣ ያጠፋ ንቡ ነው። እቴ አንጓች አንዴ አዩትና ፊታቸውን አዞሩ። ልመና ከአፋቸው አይወጣም፣ አውቃቸዋለሁ። እኒያ ምስኪን ሴት በእኔ ጉራ መሬታቸውን ሊያጡ ነው! ከእግሩ ላይ ልወድቅ ስንደረደር የፍርድ ቤቱ ዘበኛ በአንድ እጁ የናፍጣ ጆግ፣ በሌላው ክብሪት ይዞ መጣ። "ዞር በሉ፣ ላቃጥለው" አለ።

ታደገ እንደ ነብር ተወረወረ። "ማንን ነው የምታቃጥለው?" ብሎ ጮኸ። "ንብ ይቃጠላል? ክርስቲያን አይደለህም?" ጆጉን ነጥቆ ወረወረው። ጋቢውን ጥሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ዘበኛው የፍርድ ቤት ሥራ ማደናቀፍ ነው ምናምን ይላል፤ ማን ሰምቶት። "ደብተሩ ገደል ይግባ፣ ንቡ ግን ዓይኔ እያየ አይነድም" አለ ታደገ። ደብተሩ ገደል እንዳይገባ እኛም ዝም አልን።

ለጭስ የሚሆን ኩበት ተፈለገ፣ ከጋሪ ፈረሶቹ አካባቢ የደረቀ ፋንድያ ተገኘ። እሱ እጁን ሲሰድ ጭሱን የሚያስጠጋለት ሰው ያስፈልጋል። ማን ይደፍራል? እቴ አንጓች ፋንድያውን አቀጣጥለው አነሡት። ባላቸው ንብ ያነብ ስለነበር ሥራው አይጠፋቸውም። አሁን ጉዱን ተመልከቱ፤ ሁለቱ በክንድ ርቀት ቆመው አይነጋገሩም። ከሩቅ የቆምኩት እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። "ለነዚያ ሴትዮ ጭሱን ጠጋ ያድርጉ በላቸው" ይለኛል። እቴ፣ ጠጋ ያድርጉት ይላል፣ እላለሁ። "ለዚያ ሰውዬ ዓይን የለውም ወይ፣ አስጠግቻለሁ በለው" ይሉኛል። እሱንም አደርሳለሁ። ሁሉም በአማርኛ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

ታደገ ቀስ ብሎ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ እጁን ሰደደና የድንበሩን ክፍል ዳበሰ። ሲያወጣው ደብተሩ አይታይም። ንብ ብቻ ነው፤ ከእጁ ሥር እንደ ጺም ተንጠልጥሏል። ንግሥቲቱ ደብተሩ ላይ ናት አለ። ቢያራግፈው ትበራለች፣ እሷ ከበረረች መንጋው ሁሉ ይሄዳል። ስለዚህ ይዞ ቆመ። ልክ ይህን ጊዜ ከውስጥ "ከሳሽ ወይዘሮ አንጓች፣ ተከሳሽ አቶ ታደገ!" ተብሎ ተጠራ። ማን ይሂድ? ዳኛው ጫጫታውን ሰምተው በመስኮት ብቅ አሉ። ማስረጃው ይቅረብ አሉ። እኔ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ የከሳሽ ማስረጃ በተከሳሽ እጅ ይገኛል አልኩ። "ተከሳሽ ያስረክብ!" አሉ። ታደገ ያን ጺም የመሰለ ነገር ወደ መስኮቱ ዘርግቶ አንድ እርምጃ ተራመደ። "አይ! አይ! እዚያው ይቆይ! ከሰዓት በኋላ ትቀርባላችሁ!" ብለው መስኮቱን ጥርቅም አደረጉት። ፍርድ ቤት እንደዚያ ባንዴ ያመነው ማስረጃ አይቼ አላውቅም።

የታደገ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከባድ ነው ለካ። ላቡ በዓይኑ ይወርዳል፣ መጥረጊያ እጅ የለውም። እቴ አንጓች ትንሽ አዩት። በእኔ በኩል ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ረሱኝ። "ዝቅ አድርገው፣ ታደገ" አሉት። "ወንድምህ ከጉልበቱ አስደግፎ ነበር የሚይዘው።"

ታደገም "እሽ እቴ" አለ።

አምልጦት ነው። ሁለቱም ደነገጡ። እኔ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጭሱ ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ታደገ ተንበርክኮ ደብተሩን ከጉልበቱ ላይ አሳረፈው፣ ከሳጥኑ አፍ አስጠጋው። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ላቡን ከዓይኑ ጠረጉለት። ንግሥቲቱ ወጣች፣ ሽንቁሯን አገኘች፣ ገባች። ያ ሁሉ መንጋ ተከትሏት ገባ። ታደገ ደብተሩን በእጅጌው ጠርጎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። "ይኸው ደብተርዎ" አለ፣ አፈር አፈር እያየ። እሳቸው ጉያቸው አስገቡት። ከዚያ ቁጭ ብለው አለቀሱ። "ዛሬ ወንድምህን አየሁት" አሉት። እሱ ጋቢውን ከመሬት አንሥቶ አለበሳቸው።

በዚሁ አበቃ ካላችሁ ጎጃምን አታውቁም። ወዲያው ንቡ የማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ታደገ እኔ ነኝ ያስገባሁት አለ። እቴ አንጓች ያረፈው እኔ ደብተር ላይ ነው አሉ። ዘበኛው በግቢያችን በር ላይ ስለሆነ የመንግሥት ነው አለ። ኧረ በሕግ አምላክ፣ ሳጥኑ የእኔ ነው አልኩ፤ የሚሰማኝ ጠፋ። ክርክሩ ሲጦፍ እቴ አንጓች መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሡ። "ድንበሩ ላይ ይቀመጥ" አሉ። ታደገ ዓይኑን አጥብቦ አሰበ። "እቴ፣ እዚያ ንብ ካለ በሬ አይጠጋም እኮ" አለ። "አዎን" አሉ እሳቸው። "ያንተም በሬ፣ የእኔም በሬ።" ታደገ ከት ብሎ ሳቀ። የተገፋችውን ትልም ሁሉ እመልሳለሁ፣ ቀፎው ከመካከል ይሁን፣ ማሩ እኩል አለ። ተጨባበጡ።

ከሰዓት በኋላ ባበጠ ጆሮዬ የስምምነት ጽሑፋቸውን ጽፌ አቀረብኩ፤ መዝገቡ በስምምነት ተዘጋ። የሌሎቹን ባለጉዳዮች ወረቀት ታደገ በጭስ እየሸፈነ አንድ በአንድ አውጥቶ ሰጥቶኛል፤ ማር ማር ይሸታል እንጂ ምንም አልሆነም። ጋሪ ተጠራ። ሳጥኔን በጋቢ ጠቅልለው ከመካከላቸው አስቀመጡት። ሮጬ ደረስኩባቸው። ኧረ ሳጥኔስ አልኳቸው። ሟች ካረፈ ወዲህ በአንዲት ነገር እንኳ ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች እኩል ዞሩና በአንድ ድምፅ "ቀፎውን ነው?" አሉኝ። ፈረሱ ሄደ።

በማግሥቱ ድንጋዬን ደርድሬ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ሰውዬ መጣ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቷል። ልጻፍልህ ስለው "ያች የምታስታርቅ ሳጥን የለችም?" አለኝ። የለችም አልኩት፤ ጥሎኝ ሄደ። ባልና ሚስት መጡ፣ እነሱም ሳጥኗን ነው የጠየቁት። ሦስተኛው ገና ከሩቅ ሳጥን አለመኖሩን አይቶ ከመንገድ ተመለሰ። የሺ ደግሞ ሌላ አሠራ፣ ጽድቅ ነው ትለኛለች። ጽድቅ ነው እንጂ፤ አልካድኩም። እቴ አንጓችን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል። ግን ሰው ሁሉ እንዲህ በየድንበሩ ንብ እያስቀመጠ ከታረቀ እኔ ምን ልብላ? ያም ሆኖ ነፋሱ አላስቀምጥ አለኝ። ወደ ቡሬ ደወልኩ። አያ ደምለው፣ ያንኑ የመሰለ አንድ ሳጥን ይሥሩልኝ አልኳቸው። እልል ሊሉ ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው። ይህኛውን ግን በፈጠረዎት፣ ውስጡን ሬት ይቀቡልኝ አልኩ።